ያኔ ያስለቀሰኝ ፊልም ዛሬ አናደደኝ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ችግሬ ሌሎች ከሚጽፉልዎት ጋር ሲወዳደር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም የምነግረው ሰው ስላጣሁ ጻፍኩ።

36 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የ13 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። 17 ዓመት ሲሆነኝ እኔና የልብ ጓደኛዬ አንድ የፍቅር ፊልም ነበረን። ‹ነበረን› የምለው የራሳችን ያህል ስለነበር ነው። ቢያንስ 15 ጊዜ አይተነዋል። ተዋንያኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ ንግግራቸውን ቀድመን እንለው ነበር። ልጁ ልጅቷን ይወዳታል። እሷ እምቢ ትለዋለች። እሱ ተስፋ አይቆርጥም። በሯ ላይ ያድራል። ሥራ ቦታዋ ድረስ ይከተላታል። ሌላ ሰው ልታገባ ስትል ሰርጉ ላይ ከች ይላል። በመጨረሻ እሺ ስትለው እኔና ጓደኛዬ ተቃቅፈን እናለቅሳለን።

ጓደኛዬ ለብዙ ዓመታት ውጭ አገር ኖራ ባለፈው ወር ተመለሰች። በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ፊልሙን ከፈትነው። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ደበረኝ። በሯ ላይ ሲያድር ‹ፖሊስ ጥሪ እንጂ!› ልላት ምንም አልቀረኝም። ልጅቷ አራት ጊዜ እምቢ ስትል ቆጠርኩ። ያኔ አንዱንም አልሰማሁትም ነበር። ዞር ስል ጓደኛዬ እንደ ድሮው እንባዋ ይወርዳል። እኔም መሀረብ አንስቼ ደረቅ ዓይኔን ጠራረግኩ። አቅፋኝ ‹ከእንግዲህ በየዓመቱ እናየዋለን› አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን የድሮ ፊልሞቼንም ሞከርኩ። ያኔ ትንፋሽ ያሳጠረኝ አክሽን ፊልም አሁን አሳቀኝ። ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ኮሜዲ ደግሞ ፈገግ እንኳ አላደረገኝም። አንድ የወንጀል ፊልም ጀምሬ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ወሰደኝ። ባለቤቴ ‹አርጅተሻል› እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ልቤ ደርቆ ይሆን? ለጓደኛዬ እውነቱን ልንገራት? ልጄም ‹ያንን የናንተን ፊልም አሳይኝ› እያለች ነው፤ ላሳያት? ገና ያልነካኋቸው ሁለት ሦስት የድሮ ፊልሞችም አሉኝ። ልያቸው ወይስ እንዳይበላሹብኝ ልተዋቸው?

ማስመሰል የሰለቸኝ»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም መሀረቡ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አትቀየሚኝ። ደረቅ ዓይኑን በመሀረብ የጠረገ ሰው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ከትልቁ ፍርሃትሽ ልጀምር። ልብሽ አልደረቀም። ልቡ የደረቀ ሰው ፊልም ውስጥ ያለች ልጅ ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለች አይቆጥርም። አንቺ ቆጠርሽ። ቆጥረሽም ተናደድሽ። ያውም ለማታውቂያት፣ ጭራሽ ለሌለች ልጅ።

እስቲ 17 ዓመትሽን አስታውሺው። በዚያ ዕድሜ የብዙ ሰው ጭንቀት ‹እኔን ማን ያየኛል?› የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ወንድ በር ላይ ሲያድር ታይሽ የነበረው ‹ይህን ያህል ተፈልጌ!› የሚለው ብቻ ነው። ልጅቷ ‹ሂድልኝ› ስትል አንቺና ጓደኛሽ ‹ኧረ እሺ በይው!› እያላችሁ ትጮሁባት እንደነበር እገምታለሁ። አሁን የራስሽ ቤት አለሽ። ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ተኝታለች። ያ ሰውዬ እዚያው በር ላይ ነው። ያኔ በመስኮት አጮልቀሽ ታዪው ነበር፤ ዛሬ ተነስተሽ በሩ መቆለፉን ታረጋግጫለሽ። ፊልሙ አንዲት ነገር አልተነካም።

ይህ ፊልም ማየት እንጀራው በሆነ ሰው ላይም ደርሷል። ሮጀር ኢበርት የሚባል አሜሪካዊ ሐያሲ ነበር። በ1975 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ሲያገኝ ከፊልም ሐያሲያን የመጀመሪያው ነበር (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1967 «ዘ ግራጁዌት» የሚል ፊልም ወጣ። ከዩኒቨርሲቲ ገና የተመረቀ ወጣት ሚስስ ሮቢንሰን ከምትባል የቤተሰቦቹ ወዳጅ ጋር ድብቅ ግንኙነት ይጀምራል፤ በኋላ ልጇን ይወዳል። እዚህም አክተሩ ሰርግ ላይ ከች ይላል፤ ሰርግ ማቋረጥ የሚወድ ፊልም ሠሪ አይጠፋም። ኢበርት ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። አራት ኮከብ፣ ማለትም ሙሉውን ሰጠው። በ1997 ፊልሙ ተመልሶ ሲኒማ ቤት ሲገባ እንደገና አየውና ሦስት ኮከብ ሰጠው። ድሮ አመጸኛ ጀግና የመሰለው ወጣት ራሱን ብቻ የሚያይ፣ ትልልቅ ሰዎችን በመናቁ የሚሰለች ሰው ሆኖበት ቁጭ አለ። በፊልሙ ውስጥ አብሮ ቢያወራ ደስ የሚለው ሰው ማን ሆና ተገኘች? ሚስስ ሮቢንሰን።

በነገራችን ላይ ያቺ ‹ትልቅ ሴትዮ› ሆና የተወነችው አን ባንክሮፍት የተወለደችው በ1931 ነው። ‹ልጁን› ሆኖ የተወነው ደስቲን ሆፍማን ደግሞ በ1937። ልዩነታቸው ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም! በ25 ዓመት ዓይን አሮጊት ናት። ኢበርት በ54 ዓመቱ ሲያያት ግን ገና በአፍላነቷ ያለች ሴት ነበረች።

የዚሁ ሰው ሌላ ታሪክ አለ፤ ላንቺ የበለጠ የሚጠቅምሽ እሱ ይመስለኛል። በ1960 የወጣውን የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የፌሊኒን «ላ ዶልቼ ቪታ» በየአሥር ዓመቱ ገደማ ያየው ነበር። መጀመሪያ በጉርምስናው ሲያየው የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የማርቼሎን ሕይወት ተመኘ። ቆይቶ እሱ ራሱ እንደ ማርቼሎ መኖር ጀመረ። ሌላ አሥር ዓመት ቆይቶ ሲያየው ማርቼሎ መውጫ ያጣ ምስኪን መሰለው። በመጨረሻ አዘነለት፤ ወደደውም። ልብ በይ፣ ንቀቱ መሀል ላይ መጥቶ አለፈ። አንቺ አሁን ንዴት ላይ ነሽ። 50 ዓመት ሲሞላሽ ያንን በር ላይ የሚያድር ልጅ ‹ይህ ምስኪን፣ ምከሩት የሚባል ዘመድ እንኳ የለውም?› ትዪው ይሆናል። ለዛሬ ግን ንዴትሽ ተገቢ ነው። እኔም ብሆን ፖሊስ ነበር የምጠራው።

እንዲያውም ሐያሲያን በሙሉ አንድ ላይ ሆነው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ መጽሔት በየአሥር ዓመቱ የዓለምን ሐያሲያን ድምፅ እየሰበሰበ ምርጡን ፊልም ያስመርጣል። በ1952 «የብስክሌት ሌቦች» አንደኛ ሆነ። ከ1962 እስከ 2002 «ሲትዝን ኬን» ዙፋኑን ያዘ። በ2012 «ቨርቲጎ» ገለበጠው፤ በ2022 ደግሞ ቨርቲጎም ወረደ። እነዚህን ሁሉ ሰዎች ‹ልባችሁ ደረቀ› ያላቸው የለም።

አሁን ወደ ሌሎቹ ፊልሞችሽ። አራቱንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከተሽ ‹እኔ ነኝ የተበላሸሁት› ማለትሽን አልወደድኩትም። የእያንዳንዳቸው በሽታ የተለያየ ነው።

አክሽኑን እንውሰድ። ምን እንዳሳቀሽ አልነገርሽኝም። ግን በዚያ ዘመን አዲስ የነበረ አንድ ብልሃት ከሆነ አልገረምም። በ1999 «ዘ ማትሪክስ» ሲወጣ ጥይት በአየር ላይ ቀስ እያለ ሲሄድና ካሜራው በሰውየው ዙሪያ ሲዞር ያየ ሰው አፉን ነበር የከፈተው። ከመቶ በላይ ፎቶ ካሜራዎች ዙሪያውን ተደርድረው የተነሳ ትዕይንት ነው። ከዚያ ሁሉም ቀዳው። ማስታወቂያው ቀዳው፤ ኮሜዲው ቀዳው። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2001 «ሽሬክ» የሚባለው የካርቱን ፊልም ይቀልድበት ጀመር። ስለዚህ ዛሬ ዋናውን ስታዪ የሚታወሱሽ ቀልዶቹ ናቸው። ቀድሞ የመጣው ዘግይቶ የመጣ ይመስላል። ፊልሙንም አንቺንም የምወቅስበት ነገር የለኝም። ግን ማን ከማን እንደቀዳ አውቀሽ አንድ ጊዜ ብትደግሚው ሳቅሽ ይቀንሳል።

ኮሜዲው ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከማን ጋር ነው ያየሽው? ያኔ ከጓደኛሽ ጋር፣ ምናልባትም ክፍል ሙሉ ከሆኑ ልጆች ጋር ነበር። አሁን ግን ብቻሽን፣ ማታ፣ ምናልባትም በስልክሽ ይመስለኛል። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል የሳቅ ተመራማሪ ነበር። ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት 30 ጊዜ ያህል የበለጠ እንደሚስቅ አግኝቷል። ሠላሳ ጊዜ! እንግዲህ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ‹ለምን አልሳቅኩም› ማለት ጨዋታን ለብቻ ተጫውቶ ‹ለምን አልደመቀም› እንደማለት ነው። ፍርድ ከመስጠትሽ በፊት ሰው ሰብስበሽ ሞክሪው። አራት ሰው ተቀምጦም ማንም ካልሳቀ፣ እንግዲህ ቀልዱ ሞቷል። ኮሜዲ ቶሎ ይሞታል። በተለይ በአንድ ሰው አካል ወይም አነጋገር ላይ የቆመ ቀልድ፣ እንዲህ ያለ ሰው አንዴ በቅርብ ካወቅሽና ከወደድሽ በኋላ፣ ተመልሶ አያስቅም። ባያስቅሽም ጥሩ ነው።

እንቅልፍ የወሰደሽ የወንጀል ፊልም ምናልባት በጣም ቀላሉ ነው። ዴቪድ ቦርድዌል የሚባል የፊልም ምሁር ሾቶችን፣ ማለትም ሳይቆረጡ የሚታዩ ቀረጻዎችን፣ እየቆጠረ ያጠና ነበር። ከ1930 እስከ 1960 የነበሩ አብዛኞቹ የሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ አንድ ሾት በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሰከንድ ይቆይ ነበር። በኋላ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ወረደ። ስልክሽ ላይ የምታዪያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ደግሞ ሌላ ፍጥነት አላቸው። ዓይንሽ ይለምደዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ፊልም ፊት ስትቀመጪ ዓይንሽ የሚቀጥለውን ሾት ይጠብቃል፤ አይመጣም፤ እጅሽ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል ትተሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳይደክምሽ እዪው። አሁንም ከተኛሽ ተኚ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ የምወደው የድሮ ፊልም ነበረኝ። አዲስ ቴሌቪዥን በገዛሁ ሰሞን ከፈትኩት። ደነገጥኩ። ያ ጥላውና ብርሃኑ የሚያምር ፊልም እንደ ርካሽ የቤት ውስጥ ድራማ ሆኖ ታየኝ። ሰዎቹ ሲራመዱ እንደ መንሸራተት ይላሉ። ‹ይህን ነው እንዴ ስወደው የኖርኩት?› ብዬ አዘንኩ። ለሰውም አወራሁ። በወሩ የእህቴ ልጅ መጥቶ አየና ‹ይሄ ነገር በርቶ ነው እኮ› አለኝ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሞሽን ስሙዚንግ የሚባል ነገር አለ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው። ቴሌቪዥኑ ግን በየመሀሉ ከራሱ እየፈጠረ ተጨማሪ ምስል ይሰካል፤ እንቅስቃሴውን ለማለስለስ። ለኳስ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ፊልምን ግን ይገድለዋል። በ2018 ቶም ክሩዝ ራሱ ከዳይሬክተሩ ጋር ቆሞ ‹እባካችሁ አጥፉት› የሚል ቪዲዮ አሰራጭቶ ነበር። ስሙ በየቴሌቪዥኑ ዓይነት ይለያያል፤ የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ እንቅስቃሴ የሚለውን ፈልጊ። ልጁ አጠፋው፤ ፊልሜም ተመለሰልኝ። አንድ ወር ሙሉ ‹ልቤ ተለወጠ› እያልኩ ስፈላሰፍ ችግሩ አንድ ቁልፍ ነበር። አንቺም ከማዘንሽ በፊት ይህን አይተሽ እለፊ።

ሁሉም ግን በቁልፍ አይመለስም። ሌላም ፊልም ነበረኝ፤ ክፉ ተማሪዎችን ስለሚያድን ጎበዝ አስተማሪ። ያንን ፊልም አይቼ ነው አስተማሪ ልሁን ያልኩት። ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ሳየው አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፤ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ አስተማሪው አንድም ፈተና አያርምም! ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ያወራል። ደግሞ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ደወል የሚደወለው እሱ ንግግሩን ሲጨርስ ነው። እኔ ንግግሬን ጨርሼ የተደወለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሥራውን ካወቅሽው ስለ ሥራው የተሠራ ፊልም ይበላሽብሻል። ሐኪም ወዳጅ ካለሽ የሆስፒታል ፊልም አብረሽው አትዪ። አንቺም በዚህ መሀል አንድ ሙያ ተምረሻል። በትዳር ውስጥ ኖረሻል። እሺ ከተባለ በኋላ ያለውን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ፊልሙ ግን እሺ ላይ ነው ያለቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠርጥሪ። 19 ዓመት ሙሉ ስትወጂው የኖርሽው ፊልምና ያ ቅዳሜ የከፈታችሁት ፊልም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙከራ አለ። ለሰዎች ለባህላቸው እንግዳ የሆነ አንድ ተረት አስነበባቸው። ከዚያ በተለያየ ጊዜ ከትዝታቸው አስደገማቸው። ሰዎቹ ተረቱን እያሳጠሩ፣ ያልገባቸውን እየጣሉ፣ ወደሚያውቁት ነገር እየለወጡ ደገሙት። ታንኳዋ ተራ ጀልባ ሆነች። አንቺም ያንን ፊልም ለ19 ዓመት በልብሽ ስትደግሚው ኖረሻል። ከአራቱ እምቢታ ሦስቱን ጥለሽ ይሆናል። የጓደኛሽን ሳቅ ጨምረሽበት ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ያዘንሽው ራስሽ ቆርጠሽ ቀጥለሽ ያሳመርሽውን ፊልም ከሌላው ጋር አስተያይተሽ ነው። ምስኪኑ ፊልም በምን አቅሙ ያሸንፍሽ!

እሺ፣ ጓደኛሽ። እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ንገሪያት። ዓመት አትጠብቂ፤ በዓመቱ ሌላ መሀረብ፣ በሌላው ዓመት ሌላ መሀረብ ይሆናል። አሥር ዓመት አስመስለሽ በ11ኛው ከነገርሻት የምትቀየመው በፊልሙ አይሆንም። በጽሑፍ መልእክት አትንገሪያት፤ ቀዝቃዛ ይሆናል። ስትገናኙ፣ ፊት ለፊት፣ ከመሀረቡ ጀምሪ። ‹ያን ቀን ዓይኔን የጠረግኩት በውሸት ነው፤ ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብዬ ነው› በያት። ካልተሳሳትኩ እሷም የምትስቅ ይመስለኛል።

ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያት፤ ‹አንቺን ያስለቀሰሽ የቱ ጋ ነው?› በያት። ይህን ጥያቄ ቸል አትበዪው። ብዙ ዓመት ከአገርዋ ርቃ ኖራ የመጣች ሴት በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ የምታለቅሰው ለዚያ በር ላይ ለሚያድር ሰውዬ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ያቺን ሶፋ አስባ ይሆናል። የ17 ዓመት ልጅ ሆና ካንቺ ጋር የተቀመጠችበትን። ወይም እዚያ ሳለች ማንም በሯን ሳያንኳኳ ያለፉትን ዓመታት። እኔ አላውቅም፤ ጠይቂያት። ምናልባት ደግሞ ፊልሙን ከልቧ ትወደው ይሆናል፤ ዛሬም። መብቷ ነው። ‹እንዴት ይሄን ትወጂያለሽ› ብለሽ ፍርድ ቤት አታቁሚያት። አንቺ ከ19 ዓመት በኋላ የደረስሽበትን እሷ በአንድ ምሽት እንድትደርስበት አትጠብቂ።

ቀጠሮውን ግን አትሰርዢ። በየዓመቱ አብሮ መቀመጡ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ፊልሙን ብቻ ነው የምትደራደሩበት። አንድ ዓመት የሷን፣ አንድ ዓመት የአንቺን። ወይም ያንኑ ፊልም እዩት፤ አንቺ እንዳሻሽ እንድትጮኺበት ተፈቅዶልሽ። ‹ፖሊስ ጥሪ!› በይ። እሷ ታልቅስ፣ አንቺ ስደቢው። አምናችሁ ከተስማማችሁበት ከድሮውም የበለጠ ፈታ የምትሉበት ይመስለኛል።

የልጅሽ ጥያቄ ላይ ትንሽ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። መጀመሪያ ‹አታሳዪያት› ልልሽ ነበር። ከዚያ ሞሊ ሪንግዋልድ ትዝ አለችኝ። በ1980ዎቹ የወጣቶች ፊልሞች ላይ ስመ ጥር የነበረች ተዋናይት ናት። በ1985 የወጣውን «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ራሷ የተወነችበትን ፊልም ከዓመታት በኋላ ከልጇ ጋር አየችው። በ2018 ስለዚህ ነገር «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ጻፈች። ያኔ ሲቀረጽ ያልከበዳት ነገር እናት ሆና ስታየው ከበዳት። ወንዱ ልጅ ሴቷን እንዴት እንደሚያስቸግራት፣ እንዴት እንደሚሰድባት፣ በመጨረሻ ደግሞ እንዴት እንደሚሸለም። ይህን ሁሉ ጽፋ ‹ፊልሙ ይጣል› አላለችም። ወጣቶች ከነዚያ ፊልሞች ያገኙትንም አልካደችም። ሁለቱንም ይዛ ተቀመጠች። ከባድ አቀማመጥ ነው፤ ግን ይቻላል።

ስለዚህ አሳዪያት፤ ካንቺ ጋር ተቀምጣ። ልጅሽ ጠይቃሻለች። ብትከለክያት ብቻዋን ፈልጋ ታየዋለች፤ ያኔ አጠገቧ የለሽም። ስትከፍቺው ግን ‹ይህ የዓለም ምርጥ ፊልም ነው› ብለሽ አትጀምሪ። ‹ይህ ሰውዬ ክፉ ነው፣ ተጠንቀቂ› ብለሽም አትጀምሪ። የ13 ዓመት ልጅ ስብከት ከሩቅ ይሸታታል። ዝም ብለሽ ክፈቺው። የሆነ ቦታ፣ በር ላይ ሲያድር፣ ‹አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?› በያት። አንዲት ጥያቄ ብቻ። መልሷን ስሚና አትከራከሪ። ከመልሷ ስለ ትምህርት ቤቷም፣ ስለ ጓደኞቿም ብዙ ልትሰሚ ትችያለሽ። ‹እማዬ ይሄ ደባሪ ነው› ብላ በ15 ደቂቃ ልትነሳም ትችላለች። ለዚያም ተዘጋጂ። እኔ የአስተማሪውን ፊልም ለእህቴ ልጅ አሳይቼው ገና አክተሩ ስሙን ሳይናገር ተኝቷል።

ያልነካሻቸው ፊልሞችስ? ኤድ ኦብራየን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2019 ያሳተመው ጥናት አለ። ሰዎች አንድ ያዩትን ነገር ሲደግሙት ምን ያህል እንደሚሰለቻቸው አስቀድመው እንዲገምቱ አደረገ። ከሙከራዎቹ አንዱ ፊልም መድገም ነበር። ሰዎቹ ከገመቱት በላይ ደስ አላቸው። መጀመሪያ ያላዩት ነገር ሁለተኛ ጊዜ ይታያቸዋል። እንግዲህ ‹ይበላሽብኛል› የሚለው ፍርሃትሽ ከእውነቱ ሊበልጥ ይችላል። በርግጥ እሱ ያጠናው አንዴ አይቶ መድገምን ነው፤ 15 ጊዜ አይቶ 16ኛን አይደለም። አሥራ አምስት ጊዜ ያየሽው ነገር በማብዛትሽም ያለቀ ይሆናል። እኔ ይህን አንድ ሰው የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ በጉርምስናዬ የወደድኩትን ዘፈን በአንድ ክረምት ባልገደልኩት ነበር።

ስለዚህ ካሉሽ መሀል ጥቂት ጊዜ ብቻ ያየሽውን ምረጪና ከባልሽ ጋር እዪው። ታሪኩን በደንብ የማታስታውሺውን። ከተበላሸም አንድ ምሽት ነው የከሰርሽው። አንዱን ግን አትክፈቺው። የትኛውን እንደምትተዪ ልብሽ ያውቃል፤ ደብዳቤውን ስትጽፊ ስሙ መጥቶልሻል። ይህን ምክር በጥናት አልደግፈውም። እንዲያውም ቅድም ካልኩሽ ጋር ይጋጫል። ግን እኔም አንድ አለኝ፤ 20 ዓመት ሆነው። አልከፍተውም።

ባለቤትሽ ‹አርጅተሻል› ማለቱን ደግሞ አልረሳሁትም። እሱ በ17 ዓመቱ ነፍሱን ይሰጥለት የነበረውን ፊልም ስሙን አውጣጪውና ቅዳሜ አብራችሁ ክፈቱት። መብራቱን አታጥፊ፤ ፊቱን እያየሽ።